የቆየ የጀልባ ሞተር ዘይት ሲያፈስ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ያደግኩት ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ነው። አሁን የምኖረው ሲያትል ነው። እዚህ አንዲት የቆየች ጀልባ አለችኝ። ሆዷ ውስጥ የተቀመጠው ሞተር ፐርኪንስ 4.108 ይባላል። በናፍታ የሚሠራ፣ አራት ሲሊንደር፣ 1.76 ሊትር፣ ወደ 50 የፈረስ ጉልበት ያለው ጠንካራ ሞተር ነው። በዕድሜውም በዘይት ማንጠባጠቡም የታወቀ ነው። ከዚህም ከአገር ቤትም ስለ ዘይት የሚጠይቁኝ ሰዎች ብዙ ናቸው፤ ጥያቄዎቹም ይመሳሰላሉ። ስለዚህ መልሶቹን አንድ ላይ ጻፍኳቸው። ምሳሌዬ አብዛኛውን ጊዜ የራሴው ፐርኪንስ ነው። አካሄዱ ግን ከጀልባ ሆድ ውስጥ ለሚቀመጥ ለማንኛውም የቆየ ሞተር ይሆናል።

ከሞተሩ ሥር ዘይት አየሁ። መጀመሪያ ምን ላድርግ?

መፍቻ ከማንሳታችሁ በፊት ዘይቱን ለኩ። ስንት እንደሆነ ከነቀኑ ጻፉት። መለኪያው ዘንግ ላይ ያለው ምልክት ሞተሩ ጀልባው ውስጥ በተቀመጠበት ማዘንበል ልክ የሚያገለግል ነው። ስለዚህ ሁልጊዜ ጀልባዋ ውሃ ላይ ሆና፣ ሞተሩ ከቆመ ጥቂት ደቂቃ በኋላ ለኩ። ተጎታች ላይ ሆና የለካችሁትን ውሃ ላይ ከለካችሁት ጋር አታወዳድሩ።

ሁለተኛ፣ ራሱ እየተነሳ ውሃ የሚያወጣውን የጀልባዋን ፓምፕ አስቡት። ከጀልባዋ ግርጌ ዘይት ካለ ያ ፓምፕ ዘይቱን ቀጥታ ወደ ሐይቁ ይተፋዋል። እናንተ እዚያው እስካላችሁ ድረስ አጥፉት። ጥላችሁ ከሄዳችሁ ግን አጥፍታችሁ አትሂዱ፤ ውሃ የምታስገባ ጀልባ ልትሰምጥ ትችላለች። ዘይት ብቻ የሚመጥ፣ ውሃ የማይመጥ ነጭ ጨርቅ ይሸጣል። እሱን ግርጌው ላይ አንጥፉ።

ሞተሩ የቤንዚን ከሆነና የቤንዚን ሽታ ካለ ምንም ማብሪያና ማጥፊያ አትንኩ። ክዳኖቹን ከፋፍታችሁ አናፍሱ። ሽታው ከሌለም ቢሆን የቤንዚን ሞተር ከመነሳቱ በፊት የአየር ማራገቢያው ቢያንስ 4 ደቂቃ ይሠራ።

የፈሰሰው የሞተር ዘይት መሆኑን በምን አውቃለሁ?

ነጭ ሶፍት አስነኩትና ብርሃን ላይ እዩት። ጥቁር፣ ሲፈትጉት የሚያንሸራትት ከሆነ የሞተር ዘይት ነው። ቀይ ወይም ሮዝ ከሆነ ከካምቢዮው የመጣ ሊሆን ይችላል፤ ብዙ የጀልባ ካምቢዮዎች በመኪና አውቶማቲክ ካምቢዮ ውስጥ የሚገባውን ቀይ ዘይት ነው የሚጠቀሙት። የቀጠነና አፍንጫ የሚይዝ ሽታ ያለው ናፍታ ነው። አረንጓዴ ሆኖ ጣፈጥ የሚል ሽታ ያለው የማቀዝቀዣ ፈሳሽ ነው።

አንድ የሚያሳስት ነገር አለ። አንዳንድ ካምቢዮዎች የሚሞሉት የሞተር ዘይት ነው። እንዲህ ሲሆን ቀለም አያዋጣም። ያኔ የሁለቱንም መለኪያ ጽፋችሁ ሄዳችሁ፣ ከጥቂት ሰዓት ጉዞ በኋላ የትኛው እንደቀነሰ ታያላችሁ።

መካኒኩ «የኋላው ኦይል ሲል ነው፤ ሞተሩ መውጣት አለበት» አለኝ። ልመነው?

ገና ነው። ይህን ገጽ እንድጽፍ ያደረገኝ ዋናው ጥያቄ ይኼ ነው። ኦይል ሲል ማለት የሚሽከረከር ዘንግ ከሞተሩ በሚወጣበት ቦታ ዘይት እንዳይወጣ የሚያግድ ማሸጊያ ነው።

የጀልባ ሞተር ቀጥ ብሎ አይቀመጥም። የፕሮፔለሩን ዘንግ ተከትሎ ወደ ኋላ ያዘነብላል። ስለዚህ ከላይ፣ ከጎን፣ ከፊት፣ ከየትም የወጣ ዘይት የሞተሩን ገላ ይዞ ይወርድና የኮፓውን (ከሞተሩ ሥር ያለውን የዘይት ሳህን) ጠርዝ ተከትሎ ወደ ኋላ ይሄዳል። በመጨረሻ የሚንጠባጠበው ከቮላኖው (ከሞተሩ ጀርባ ከሚሽከረከረው ከባድ የብረት ጎማ) ቤት ሥር ነው። የኋላው ኦይል ሲል ሲያፈስም የሚንጠባጠበው ከዚያው ቦታ ነው። ጠብታው ያለበትን ብቻ ያየ ሰው በሲሉ ይፈርዳል።

የፍርዱ ዋጋ ደግሞ ከባድ ነው። የኋላውን ኦይል ሲል ለመቀየር ካምቢዮው ይፈታል፣ ቮላኖው ይወርዳል፤ በብዙ ጀልባ ደግሞ ሞተሩ ራሱ ይነሳል። በሌላ በኩል ከላይ ያለ አንድ ሴንሰር በጥቂት ደቂቃ ይቀየራል። ስለዚህ ደንቡ ከላይ ወደ ታች፣ ከቀላሉ ወደ ከባዱ ነው።

በእኔ ላይ የደረሰውን ልንገራችሁ። አንድ ባለሙያ አይቶ «የኋላው ነው» አለኝ። እኔም አምኜ ገንዘብ መሰብሰብ ጀመርኩ። ሞተሩ ከመውጣቱ በፊት ግን ሙሉውን አጠብኩት፤ አደረቅኩት። አስነስቼ በባትሪ እያበራሁ ተቀመጥኩ። ለሩብ ሰዓት ያህል ምንም የለም። ከዚያ የዘይት ግፊት ሴንሰሩ ወገብ ላይ፣ ብረቱ በተጣጠፈበት ቀለበት ዙሪያ፣ አንድ ጥቁር ነጥብ አበጠች። ሞላችና ተንሸራተተች። እንደ ክር ቀጥና በብሎኩ ጎን ወረደች፤ በሞተሪኖው (ሞተሩን በሚያስነሳው) ጀርባ አልፋ የኮፓው ጠርዝ ላይ ተኛች፤ ጠርዙን ይዛ ወደ ኋላ ሄደች። ቮላኖው ቤት ጋ ስትደርስ ጠብ አለች። መንገዷን በሙሉ በዓይኔ ተከተልኳት። ሴንሰሩን ፈትቼ ሽቦው የሚገባበትን ቀዳዳ ሳየው ውስጡ በዘይት ርሷል። ይኼ ምልክት ለእናንተም ይጠቅማል፤ የሴንሰሩ የሽቦ ጫፍ ዘይት ከነካው የውስጥ ሽፋኑ ተቀዷል፤ ሌላ ማረጋገጫ አያስፈልገውም።

ሰውዬው ክፉ አልነበረም። የታጠበ ሞተር አላየም፤ ያ ብቻ ነው።

ታዲያ ምንጩን እንዴት ላግኘው?

ማጠብ ግዴታ ነው። የቆየ ሞተር ላይ ያለው ጥቁር ቅባት የዓመታት ነው፤ የዛሬውን ከድሮው መለየት አይቻልም። ቅባት የሚያስለቅቅ ፈሳሽ ርጩ፣ በብሩሽ እሹት፣ በጨርቅ ጥረጉት። ሞተሩ ትኩስ ሳለ አትርጩ። ኤሌክትሪክ ያለበትንና የአየር መሳቢያውን በፌስታል ሸፍኑ። እጣቢው ወደ ውሃ እንዳይሄድ ሥሩ መያዣ አድርጉ።

ከታጠበና ከደረቀ በኋላ ከሞተሩ ሥር ነጭ ነገር አንጥፉ። የሕፃን ዳይፐር ደረቅ ቦታ ላይ በጣም ጥሩ ነው። ሦስት አድርጋችሁ ከፊት፣ ከመሃል፣ ከኋላ አስቀምጡና በእስክሪብቶ «ፊት»፣ «መሃል»፣ «ኋላ» ብላችሁ ጻፉባቸው።

ከዚያ ጀልባዋን ከወደቡ ጋር በደንብ በገመድ አስራችሁ ሞተሩን አስነሱ። ሲሞቅ ወደ ፊት ማርሽ አስገቡና በመጠኑ ጭነት እንዲሠራ አድርጉ። ባዶውን ብቻ ብታሠሩት ብዙ ፍሳሽ አይታይም። ዘይቱ መሞቅና መቅጠን አለበት። ግማሽ ሰዓት በቂ ነው። ነጠላ፣ ስካርፍ፣ ልቅ እጅጌ ይዛችሁ ወደ ቺንጊያው አትጠጉ። ፀጉር ይታሰር።

አይን የማይደርስበት ቦታ ስልካችሁ ይደርሳል። ቪዲዮ ክፈቱ፣ መብራቱን አብሩ፣ ከሞተሩ ጀርባ በቀስታ አስገቡት፤ ከዚያ ቁጭ ብላችሁ ተመልከቱት። ሞተሩ እየሠራ ግን እጃችሁን ከሚሽከረከር ነገር አርቁ።

ፍሳሹ በጣም ቀስ የሚል ከሆነ ሁለት ዘዴ አለ። አንደኛው የሕፃን ፓውደር ነው። በደረቀው ብረት ላይ ብን አድርጉበት። ዘይቱ ከሚወጣበት ቦታ ጀምሮ ነጩ ላይ ጥቁር መንገድ ይሠራል። ርካሽ ነው፤ የትም ይገኛል፤ ባሕር ዳርም ሲያትልም። ሁለተኛው ዘይቱ ውስጥ የሚጨመር፣ በአልትራቫዮሌት ባትሪ ሲታይ አረንጓዴ ወይም ቢጫ ሆኖ የሚያበራ ቀለም ነው። ማታ ወይም ጨለማ አድርጋችሁ ብታዩት ምንጩ ፍንትው ይላል።

ያገኛችሁትን ስታነቡ ከሁሉም በላይ ከፍ ብሎ፣ ከሁሉም በላይ ወደ ፊት ያለውን እርጥበት ፈልጉ። ከእሱ በታችና በኋላ ያለው ሁሉ ከእሱ የወረደ ሊሆን ይችላል። እሱን አስተካክሉ፣ እንደገና እጠቡ፣ እንደገና አስነሱ። የቆየ ሞተር ከአንድ ቦታ ብቻ አያፈስም፤ ሁለተኛውና ሦስተኛው የሚታየው የመጀመሪያው ሲደፈን ነው።

ሞተሩ ሲሠራ ብቻ ነው የሚያፈሰው፤ ቆሞ ሲያድር ደረቅ ነው። ይኼ የሚነግረኝ ነገር አለ?

አዎ፣ ብዙ ይነግራችኋል። ሲሠራ ብቻ የሚያፈስ ከሆነ ግፊት ያለበትን መንገድ ጠርጥሩ፤ ሴንሰሩን፣ የዘይት ፊልትሩን፣ ወደ ዘይት ማቀዝቀዣው የሚሄዱትን ቱቦዎች። ቆሞ እያደረም የሚያንጠባጥብ ከሆነ ከዘይቱ ወለል በታች ያለ ነገር ነው፤ ኮፓው፣ የማፍሰሻው ቡሎን ወይም ቱቦው። ልክ እንደጠፋ ጥቂት ጠብ ጠብ ብሎ የሚያቆም ደግሞ የኋላው ኦይል ሲል ልማድ ነው።

በብዛት የሚያፈሱት የትኞቹ ቦታዎች ናቸው?

ከሞተሩ አናት ያለው የባልቦላ ክዳን ጋስኬት፣ ማለትም በሁለት ብረቶች መሃል የሚገባው ማሸጊያ (ጓርኒሲዮኑ)፣ ይቀድማል። ቡሽ ከሆነ በሙቀት ብዛት ይደርቅና ይሰነጠቃል። ሰው ሲያፈስ ባየ ቁጥር ቡሎኑን ያጠብቃል። ሲጠብቅ ቆርቆሮው ይጎብጣል፤ የባሰ ያፈስሳል። ክዳኑን አውልቃችሁ ጠፍጣፋ መስታወት ላይ አስቀምጡት። ከተወዛወዘ ጎብጧል። ቀጥ አድርጋችሁ በአዲስ ጋስኬት መልሱት።

የዘይት ፊልትሩ ቀላል ስህተት ይደበቅበታል። አሮጌው ሲወጣ የላስቲክ ቀለበቱ ሞተሩ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። አዲሱ በላዩ ላይ ይታሰራል። ሁለት ላስቲክ ይደራረባል፤ ግፊት ሲመጣ ያፈስሳል፤ አንዳንዴም በአንድ ጊዜ ይረጫል። ፊልትር በቀየራችሁ ቁጥር የሚቀመጥበትን በጣታችሁ ዳስሱ።

የፊተኛው ኦይል ሲል ሲያፈስ የራሱን ፊርማ ይተዋል። ዘይቱ የሚሽከረከረው ፑሊ ላይ ያርፍና ይረጫል። የሞተሩን ሳጥን የውስጥ ግድግዳ እዩት። ከፑሊው ትይዩ አንድ ቀጭን የነጠብጣብ መስመር ተሰልፎ ካገኛችሁ ምንጩ እሱ ነው። ቺንጊያውም ዘይት ስለሚነካው መንሸራተት ይጀምራል።

የዘይት ኮፓው ጀልባ ላይ የተለየ ችግር አለበት። መኪና ላይ ነፋስ ይነካዋል። ጀልባ ላይ ግን እርጥብ ግርጌ በላዩ ላይ እየተነነ ዓመታት ያሳልፋል። በተለይ ጨው ውሃ ላይ በዝገት ይበላል። በእጃችሁ ሥሩን ዳስሱ፤ ሽፍታ የመሰለ ሻካራ ነገር ካገኛችሁ ቀጭኗል። በካቻቢቴ አትውጉት። ጀልባዋ ውሃ ላይ ሳለች ቀዳዳ ከከፈታችሁ አራት አምስት ሊትር ዘይት ግርጌ ላይ ይፈስሳል።

የናፍታ ማንሻ ፓምፑ ከብሎኩ ጋር የሚገናኝበት ጋስኬት፣ የመለኪያው ዘንግ የሚገባበት ቱቦ፣ የዘይት ቱቦዎች መገጣጠሚያም መታየት አለባቸው። ቱቦ ላይ ጎማው ብረቱን የሚያገኝበትን ቦታ ጎበጥ አድርጋችሁ እዩ፤ ስንጥቅ ካለ ነገ ሳይሆን ዛሬ ይቀየር። የዘይት ቱቦ ከፈነዳ ሞተሩ በአጭር ጊዜ ባዶውን ይቀራል።

ኦይል ሲሉን ቀየርኩ። ከወር በኋላ እንደገና ማፍሰስ ጀመረ። ለምን?

ብዙ ሰው የሚዘለው ነገር የሞተሩ መተንፈሻ ነው። ፒስተኖቹ ሲሠሩ ጥቂት ጋዝ በፋሻዎቹ (በፒስተኖቹ ዙሪያ ባሉት ቀለበቶች) በኩል ሾልኮ ወደ ሞተሩ ሆድ ይገባል። ያ ጋዝ የሚወጣው በመተንፈሻው ነው። መተንፈሻው በቅባት ከተደፈነ ግፊቱ መውጫ ያጣል። ሲያጣ ዘይቱን በጋስኬቱም በኦይል ሲሉም ገፍቶ ያወጣዋል። አዲስ ሲልም አያቆመውም።

ስለዚህ መጀመሪያ የመተንፈሻውን ቱቦ አውጥታችሁ እጠቡት፤ በአፋችሁ ንፉበትና አየር ማለፉን እዩ። ከዚያ ሞተሩ ሞቆ በዝቅተኛ ዙር ሲሠራ የዘይት መሙያውን ክዳን ክፈቱና ቀጭን የጎማ ጓንት አፉ ላይ አልብሱበት። ቀስ ብሎ ትንሽ ከተነፋ ደህና ነው። እንደ ፊኛ ተነፍቶ ቀጥ ካለ ወይም ክዳኑን ስትከፍቱ ጭሱ ቡፍ ቡፍ እያለ ከወጣ ፋሻዎቹ አልቀዋል። በኮምፕሬሽን መለኪያ አስመርምሩት። ያ ሞተር የሚፈልገው እድሳት ነው፤ ለኦይል ሲል የሚወጣው ገንዘብ ይባክናል።

ዘይት ከልክ በላይ መሙላትም እንዲሁ ያስፈስሳል። የኮሎዶካው (ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዋና ዘንግ) ክንፎች ዘይቱን ሲመቱት አረፋ ይሆናል፤ ኦይል ሲሉ ከሚችለው በላይ ይደርስበታል። ጀልባችሁ ያለ ልክ ያዘነበለ ሞተር ካላት የመለኪያው ምልክት ራሱ ሊያሳስት ይችላል። አንዴ ዘይቱን በሙሉ አውጥታችሁ፣ መጽሐፉ የሚለውን መጠን ለክታችሁ ሙሉና ዘንጉ ላይ አዲስ ምልክት አድርጉ። ብዙ «የማይድን» ፍሳሽ በዚህ ድኗል።

ውጭ ላይ ምንም ዘይት የለም። መለኪያው ግን ይቀንሳል። የት ነው የሚሄደው?

ወይ ይቃጠላል፣ ወይ በማቀዝቀዣው ወደ ውሃ ይወጣል። ከጭስ ማውጫው ሰማያዊ ጭስ ካያችሁ እየተቃጠለ ነው። ሰማያዊ ጭስ ሳይኖር፣ ከጭስ ማውጫው የሚወጣው ውሃ ላይ ቀስተ ደመና የመሰለ ሽፋን ከተዘረጋ የዘይት ማቀዝቀዣውን ጠርጥሩ።

በብዙ የቆዩ ሞተሮች ዘይቱ የሚቀዘቅዘው ከሐይቁ ወይም ከባሕሩ በሚሳብ ውሃ ነው። ዘይቱ በውስጥ ቱቦዎች በአንድ በኩል፣ ውሃው በሌላ በኩል ያልፋሉ። ቱቦው በዝገት ሲበሳ ግፊቱ የሚበልጠው ዘይት ነውና ዘይቱ ወደ ውሃው ይገባል፤ ከውሃው ጋር በጭስ ማውጫው ይወጣል። ጀልባዋ ውስጥ አንዲት ጠብታ አታዩም። ማቀዝቀዣውን አስፈትታችሁ በአየር ግፊት አስፈትሹ። የካምቢዮውም ማቀዝቀዣ እንዲሁ ነው።

መለኪያው ከመቀነስ ይልቅ ጨመረ!

ሞተሩን አታስነሱ። የሆነ ፈሳሽ እየገባበት ነው። ዘንጉን አሽትቱት። ናፍታ ከሸተተ በፐርኪንስ 4.108 እና በመሰሎቹ ላይ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ የናፍታ ማንሻ ፓምፑ ነው። ውስጡ ያለው የጎማ ሽፋን ሲቀደድ ናፍታው ቀጥታ ወደ ዘይቱ ይወርዳል። ዘይቱ ይቀጥናል፤ ከዚህ በፊት ያላፈሰሰ ቦታ ሁሉ ማፍሰስ ይጀምራል። የቀጠነ ዘይት ኩሽኔታዎቹን፣ ማለትም ዘንጉ የሚዞርባቸውን መቀመጫዎች፣ ይበላል። ፓምፑን ቀይሩ፤ ዘይቱንና ፊልትሩን ቀይሩ፤ ከዚያ በኋላ የፍሳሹን ነገር እንደገና እዩት። ብዙ ጊዜ አብሮ ይጠፋል።

ዘይቱ ወተት የገባበት ቡና መስሏል።

ውሃ ገብቷል። ከቴስታታው (ከሲሊንደሮቹ የላይ ክዳን) ጋስኬት፣ ከዘይት ማቀዝቀዣው ወይም በማርሽ ከሚነዳው የውሃ ፓምፕ ሊሆን ይችላል። ብዙ እንዲህ ያሉ ፓምፖች በውሃውና በዘይቱ ሲሎች መሃል ትንሽ የማፍሰሻ ቀዳዳ አላቸው። ቀዳዳዋ በጨው ወይም በቀለም ከተደፈነች ውሃው መውጫ ሲያጣ ወደ ሞተሩ ይገባል። ቀዳዳዋን በሽቦ ጥረጓት። ሞተሩ በዚያ ዘይት አይሥራ። ጨው ውሃ ከሆነ ደግሞ ሰዓታት ይቆጠራሉ፤ በዚያው ቀን ዘይቱን አውጡና በንጹሕ ዘይት ደጋግማችሁ እጠቡት።

የኔ የቤንዚን ቪ8 (በቪ ቅርጽ የተደረደሩ ስምንት ሲሊንደሮች ያሉት ሞተር) ነው። ልዩነት አለው?

አካሄዱ አንድ ነው። አንድ ቦታ ብቻ ልጨምር። በአሮጌ ቪ8 ሞተሮች ላይ አየርና ቤንዚን የሚያስገባው ማኒፎልድ ከኋላ በኩል ብሎኩ ላይ የሚያርፍበት ሲል አለ። እሱ ሲለቅ ዘይቱ በብሎኩ ጀርባ ቁልቁል ወርዶ ቮላኖው ቤት ውስጥ ይገባል። የኋላው ኦይል ሲል ነው ብላችሁ ትምላላችሁ። የዴሊኮው (ለካንዴላዎቹ ኤሌክትሪክ የሚያከፋፍለው) ሥርም እንዲሁ። ሁለቱንም ከላይ በመስታወትና በባትሪ እዩ።

የሸቭሮሌ ትንሹ ቪ8 እስከ 1985 ድረስ የኋላው ሲል ሁለት ቁራጭ ነበር፤ ከ1986 ጀምሮ አንድ ወጥ ሆነ። ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው። ሁለት ቁራጩ መኪና ላይ ኮፓውን ብቻ አውርዶ ይቀየራል። ጀልባ ላይ ግን ኮፓውን ለማውረድ በቂ ቦታ ስለሌለ ሞተሩ መነሳቱ አይቀርም።

ዘይት ላይ የሚጨመረው «ፍሳሽ ማቆሚያ» ይሠራል?

ለደረቀ የጎማ ኦይል ሲል ጥቂት ሊረዳ ይችላል፤ ጎማውን ያለሰልሰዋል፣ ያሳብጠዋል። የተቀደደ ጋስኬት፣ የዛገ ኮፓ፣ የተሰነጠቀ ቱቦ ላይ ምንም አያደርግም። የፐርኪንስ 4.108 የኋላው ሲል ደግሞ በመሠረቱ ጎማ አይደለም። በኮሎዶካው ላይ ዘይቱን ወደ ውስጥ የሚመልስ ጥምዝ ጥርስ ተቀርጿል፤ በዙሪያው በሁለት ግማሽ ቤት ውስጥ የተቀመጠ የገመድ ሲል አለ። ገመድን የሚያለሰልስ ኬሚካል የለም። እኔ ገንዘቡን ለነጭ ጨርቅና ለጋስኬት አውለው ነበር።

ሁሉንም አየሁ፤ በእርግጥ የኋላው ኦይል ሲል ነው። ምን ይጠብቀኛል?

ሥራ ነው። ካምቢዮው፣ የመገጣጠሚያው ሳህን፣ ቮላኖውና ቤቱ ይወጣሉ። ያን ሁሉ ከፈታችሁ በኋላ ሲሉን ብቻ ቀይሮ መግጠም አሳዛኝ ነው። የካምቢዮውን የፊት ሲል ቀይሩ። ሞተሩ የተቀመጠባቸውን የጎማ እግሮች እዩ፤ ዘይት የጠጣ ጎማ ያብጣል፣ ይላላል። ሞተሩ ከተነሳ ኮፓውን አጽድታችሁ ቀለም ቀቡት።

የጎማ ሲል ባለበት ሞተር ላይ ኮሎዶካውን በጥፍራችሁ ዳስሱ። አሮጌው ሲል የቆረጠው ቦይ ካለ አዲሱ እዚያው ላይ ከተቀመጠ ወዲያው ያፈስሳል። ወይ ሲሉ ጥቂት ሚሊሜትር ገባ ወይም ወጣ ብሎ ይቀመጥ፣ ወይ ቀጭን የብረት ቀለበት ይልበስበት።

በጥብቅ የምነግራችሁ ነገር አለ። በፐርኪንሱ የቆየ የገመድ ሲል ውስጥም ሆነ በሌሎች አሮጌ ጋስኬቶች ውስጥ አስቤስቶስ (ብናኙ ሳንባን የሚጎዳ ማዕድን) አለ ወይም ሊኖር ይችላል። ደርቆ እንዲቦን አታድርጉ። በውሃ አርሳችሁ ፋቁት፤ ተገቢውን የአፍንጫ መከላከያ አድርጉ፤ ፍርፋሪውን በፌስታል አስራችሁ ለብቻው አስወግዱ። በማሽን ብሩሽ ፈጽሞ አትፈትጉት።

እስከዚያው መንዳት እችላለሁ?

እንደ መጠኑ ነው። አንድ ጠብታ በግምት የሚሊ ሊትር ሃያኛ ነው። በደቂቃ አንዴ ጠብ የሚል ፍሳሽ በቀን 1,440 ጠብታ ይሆናል፤ 72 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። በሁለት ሳምንት አንድ ሊትር። ትንሽ የሚመስለው ትንሽ አይደለም።

ሥሩ መያዣ አድርጋችሁ፣ ከመነሳታችሁ በፊት ሁልጊዜ ለክታችሁ፣ መጠባበቂያ ዘይት ይዛችሁ በቀስታ የሚንጠባጠብ ሞተር መንዳት ይቻላል። የዘይት ግፊቱ መለኪያ ከለመዳችሁት ከወረደ፣ ዘይት የጋለውን የጭስ መስመር ከነካ ወይም ፍሳሹ ድንገት ከበዛ ግን እዚያው አጥፉ። የጋለ ብረት ላይ የሚያርፍ ዘይት እሳት ነው፤ ከጀልባ ላይ ደግሞ ወርዶ መሸሻ የለም። ጣና ላይ ወደ ደቅ ወይም ወደ ዘጌ ሰው ጭናችሁ የምትጓዙ ከሆነ በምንም ዓይነት ፍሳሽ አትነሱ።

ግርጌው ላይ የተጠራቀመውን ዘይት ምን ላድርገው?

ወደ ውሃ አይሂድ። አሜሪካ ላላችሁ ሕጉ ግልጽ ነው። ውሃው ላይ የሚያብለጨልጭ ሽፋን የሚፈጥር ዘይት መልቀቅ ክልክል ነው። 26 ጫማና ከዚያ በላይ የሆነ ሞተር ያለው ጀልባ ይህን የሚገልጽ ሰሌዳ ሞተሩ አጠገብ መለጠፍ አለበት። ሽፋኑን በእቃ ማጠቢያ ሳሙና መበተንም ክልክል ነው። ሳሙናው ዘይቱን አያጠፋውም፤ ከዓይን ሰውሮ ወደ ታች ይልከዋል። በስህተት ከፈሰሰ ለብሔራዊ ምላሽ ማዕከል በ1-800-424-8802 ይነገራል።

ጣና ላይ ላላችሁ ደግሞ የማወራው እንደ ጎረቤት ልጅ ነው። ጣና በፈረንጅ 2015 ዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ብሎ መዝግቦታል። ከዚያም በፊት ግን የዓሣ አጥማጁ ማሰሮ፣ የደሴቶቹ ገዳማት ውሃ፣ የአባይ መነሻ ነበር። ባለ ታንኳው ውሃ የሚቀዳው የእናንተ ጀልባ ከቆመችበት አጠገብ ነው።

ስለዚህ ዘይቱን በጨርቅ ምጠጡት፤ የቀረውን በእጅ ፓምፕ ወደ ጀሪካን አውጡት። ጀሪካኑ ላይ «የተቃጠለ ዘይት» ብላችሁ ጻፉና ክዳኑን አጥብቁ። ቤንዚን፣ ፀረ በረዶ ወይም ሌላ ፈሳሽ አትቀላቅሉበት፤ የተቀላቀለ ዘይት የሚቀበል የለም። እዚህ ወደቦችና የመኪና እቃ መደብሮች ይቀበላሉ። አገር ቤት የተቃጠለ ዘይት ለሚሰበስብ ጋራዥ ስጡት። የራሰውን ጨርቅ አጣጥፋችሁ ጥግ ላይ አትከምሩት፤ በክዳን በሚዘጋ ብረት ዕቃ ውስጥ ይሁን። ከዚያ ግርጌውን አድርቁትና አዲስ ነጭ ጨርቅ አንጥፉ፤ ቀኑንም ጻፉበት። በሚቀጥለው ሳምንት ስትመጡ መጀመሪያ የምታዩት እሱን ነው።